ያለ ጭድ የተመረገ ግድግዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት መስከረም 25 ቀን ይፈጸማል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ዘመነ ጽጌ ነው። ሕዝባችን ደግሞ ይህን ወራት ጥቢ ይለዋል። በጥቢ ብርዱና ጭጋጉ ይገፈፋል፤ ሰውም ከቤቱ ወጥቶ ቤቱን ከውጭ ያየዋል። ክረምቱን ሙሉ ከውስጥ ሆኖ ድምፁን ብቻ ሲሰማው የከረመው ዝናብ ምን እንደ ሠራ አሁን በዓይኑ ይመለከታል።

በወልድያም ሆነ በመርሳ፥ በሀብሩ ገጠርም ቢሆን በዚህ ወራት የሚታየው ሥራ አንድ ነው። አንዱ ጣራ ላይ ወጥቶ የላላውን ሚስማር ይመታል፤ ሌላው በደለል የተደፈነውን ቦይ ይጠርጋል፤ እናቶችና እኅቶች እበት ለውሰው የውስጡን ግድግዳ ይለስናሉ፤ ልጆች ጭቃ ይረግጣሉ። ይህ ሁሉ የሥጋ ሥራ ብቻ ይመስለን ይሆናል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ስለ ቤት ጥገና ዝም አላለም። ጠቢቡ በመጽሐፈ መክብብ 10፥18 ላይ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው ጣራው እየጎበጠ ዝናቡ እቤቱ ድረስ እንደሚገባ ያስጠነቅቃል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 የታመመ ግድግዳ እንዴት እንደሚመረመር ያስተምራል። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 13 ላይ በከንቱ ስለ ተመረገ ቅጥር ይናገራል።

እኔም ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ግድግዳ ነው። የመረግነው እኛው ነን፤ የወደቀውም በእኛው ጥፋት ነው።

የወደቀው ግድግዳ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቅምት መጀመሪያ፥ የበጎ አድራጎት ክፍላችን ከመርሳ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ የአንዲት አረጋዊት እናት ቤት እንዲጠገን ወሰነ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸውም ለሥራ ርቀው ሄደዋል። ቤታቸው የእንጨትና የጭቃ ሆኖ ጣራው ቆርቆሮ ነው። በዳገቱ በኩል ያለው ግድግዳ ክረምቱን እርጥበት ሲጠጣ ከርሞ ከመሠረቱ እስከ መስኮቱ ድረስ ተሰንጥቆ ነበር።

14 ሆነን በጠዋት ሄድን። አፈር ቆፈርን፥ ውሃ ቀዳን፥ ጭቃውን እየዘመርን ረገጥነው። ጭድ ስንፈልግ ግን አጣን። የገጠር ልጆች እንደምታውቁት ጥቅምት ጭድ የሚጠፋበት ወር ነው። አዲሱ ጤፍ ገና ማሳ ላይ ነው፤ ያለፈው ዓመት ክምር ክረምቱን ተበልቶ አልቋል፤ የተረፈችውን ጥቂትም ሰው ለራሱ ቤት ምርጊት ይዟታል። ከየቤታችን አዋጥተን ማምጣት እንችል ነበር። ቀድመን አላሰብንበትም። ከአባላት የሰበሰብነውን ገንዘብ ደግሞ ለመኪናና ለነጭ ኖራ አውጥተነዋል።

ሌላም ነገር ነበር። ስንጥቁን ስጠርግ ከውስጡ የምስጥ አፈር አየሁ። ወጋግራውን በእንጨት ጫፍ ስነካው ገባ አለ። ከእኔ ጋር የነበረው ወንድም፥ «እናፍርሰውና እንጨቱን እንየው» አለኝ። እኔም፥ «ይህ ከተነካ ሥራው ዛሬ አያልቅም፤ በላዩ ላይ ደህና አድርገን እንምረገው» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ጭቃው ሳይሰነብትና ሳይቦካ፥ ጭድም ሳይገባበት በዚያው ቀን መረግነው። በላዩ ኖራ ቀባነው። ጸሐይ ስትጠልቅ ግድግዳው እንደ አዲስ ሸማ ነጭ ሆነ። በፊቱ ቆመን ፎቶግራፍ ተነሣን። እናታችንም እጃቸውን ዘርግተው መረቁን። በሚቀጥለው እሑድ በጉባኤ ላይ ሪፖርት ቀረበ፤ እልል ተባለልን።

በመጋቢት መጀመሪያ የበልጉ ዝናብ ሁለት ሌሊት በተከታታይ ወረደ። በሦስተኛው ቀን የእኒያ እናት ግድግዳ ወደቀ የሚል ወሬ ደረሰን። ስንሄድ ልስኑ ከነኖራው እንደ ቆዳ ተገፎ መሬት ላይ ተዘርግቷል። በስተጀርባው የነበረው ወጋግራ ምስጥ በልቶት በእጅ ሲነኩት እንደ ዱቄት ይፈርሳል። ግማሹ ግድግዳ ወደ ውስጥ ተደርምሶ በፊት አልጋቸው የነበረበትን ቦታ ሞልቶታል። አልጋው ግን በወዲያኛው ጥግ ነበር። ማን እንዳዛወረው ስንጠይቃቸው፥ በሄድንበት ሳምንት ራሳቸው ጎትተው እንዳዛወሩት ነገሩን።

«ልጆቼ፥ ስትመርጉት አይቼ ነበር፤ ጭድ እንደሌለው አውቄአለሁ» አሉን። «ግን ደክማችሁ ነበር፥ ደስም ብሏችሁ ነበር። ደስታችሁን ማፍረስ ከብዶኝ ዝም አልኩ።»

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ቢቆጡን ይሻለን ነበር። እኛ ከተጨበጨበልን ቀን ጀምሮ አምስት ወር ያህል እኒህ እናት በማያምኑት ግድግዳ አጠገብ እየተኙ ከርመዋል። ጉባኤያችን በዚያው አምስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይህንኑ ግድግዳ እንደ መልካም ሥራ ጠቅሶታል። በመካከሉ አንዳችንም እንኳ ሄደን «እንዴት ከረሙ?» አላልናቸውም።

እንዲህ አፍረን ቆመን ሳለን ጎረቤታቸው የሆኑ አንድ ሙስሊም አባት ከእርሻ ተመልሰው መጡ። ፍርስራሹን አዩ፤ እኛንም አዩን። «አብሽሩ፥ ግድግዳ ይሠራል፤ ሰው መትረፉ ነው» አሉ። ወደ ቤታቸው ገብተው ሁለት ሸክም የጤፍ ጭድ አመጡ። መጋቢት ምን እንደሆነ አስቡ፤ መስኩ ደርቋል፥ በልጉ ይታረሳል፥ በሬው የሚበላው ያንኑ ጭድ ነው። እኒህ አባት ከበሬያቸው አፍ ቀንሰው ለጎረቤታቸው ግድግዳ ሰጡ። ከዚያም፥ «መጀመሪያ የቀረውንም አፍርሱት፤ በሽተኛ እንጨት ላይ ጭቃ አይጫንም» ብለው አስተማሩን።

ጭዱ ምንድን ነው?

በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን ነቢዩ ሕዝቅኤል የሚወቅሳቸው ሰዎች ጥፋታቸው ምን ነበር? ሰላም በሌለበት ሰላም ነው እያሉ ሕዝቡን ያታልላሉ። ሕዝቡ ደካማ ቅጥር ሲያቆም እነርሱ አፍርሱት አይሉም፤ ይልቁንም ገለባ በሌለበት ጭቃ ይመርጉለታል። እግዚአብሔርም ዝናብ፥ በረዶና ዐውሎ ነፋስ እንደሚመጣ፥ ቅጥሩም ወድቆ መሠረቱ እንደሚገለጥ ይናገራል። ይህን ምዕራፍ ከዚያ በፊትም አንብቤው ነበር። የገባኝ ግን በእኒያ እናት ደጃፍ ነው።

ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ጭዱ በመካከሉ ገብቶ አንዱን ወገን ከሌላው ጋር አያይዞ ይይዘዋል። ጭቃና ጭድ አብረው ውሃ ጠጥተው ጥቂት ቀን ሲሰነብቱ፥ እየተረገጡም ሲቦኩ አንድ አካል ይሆናሉ። ጭድ የሌለው ጭቃ በመጀመሪያው ቀን ከሌላው አይለይም፤ እንዲያውም ይበልጥ ለስላሳ ሆኖ ይታያል። የሚለየው ዝናብ ሲመጣ ነው።

ጭቃ ከእግራችን ሥር ነው፤ ማንም ቆፍሮ ያገኘዋል። ጭድ ግን ከአንድ ሰው ክምር ይቀነሳል። በመንፈሳዊ ሕይወታችንም ቃል እንደ ጭቃ ነው፤ «ይቅር በለኝ» ማለት፥ «ከእንግዲህ አልመለስም» ማለት ከአፋችን አይጠፋም። ጭዱ ከቃሉ ጋር አብሮ የሚገባው፥ ከራሳችን የሚቀነሰው ነገር ነው። ዘኬዎስን አስቡት። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 እንደምናነበው ጌታችንን በቤቱ ሲቀበል ደስ ብሎኛል ብቻ ብሎ አላበቃም። ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች፥ በሐሰት ለከሰሳቸውም አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። የዘኬዎስ ንስሐ ጭድ ነበረው።

እኛስ? በጓደኛዬ ላይ ክፉ ወሬ አውርቼ ይሆናል። ብቻውን አግኝቼ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ እንታረቃለን። ወሬው ግን እኔ ያኖርኩበት ቦታ አለ። ያወራሁላቸው ሰዎች ዘንድ ተመልሼ፥ «የነገርኳችሁ ሐሰት ነበር» እስካልል ድረስ እርቃችን ያለ ጭድ የተመረገ ነው። ከእናትና ከአባቱ ጋር ተኳርፎ የከረመ ወጣት ለበዓል ገብቶ ጉልበት ይስማል፤ መልካም ነው። ኩርፊያውን ያመጣውን ነገር፥ የወሰደውን ገንዘብ ወይም የደበቀውን ሱስ ካልገለጠ ግን የሳመው ጉልበት የኖራ ቅብ ሆኖ ይቀራል።

የጥገናው ቅደም ተከተል

ሁለተኛ ጊዜ ስንሠራ ሽማግሌው ሥራውን በቅደም ተከተል አሠሩን። ለቤታችሁም ለነፍሳችሁም ይጠቅማልና እንደ ተማርኩት እጽፈዋለሁ።

አንደኛ፥ ጣራውን እዩ። ከላይ እያፈሰሰ ከታች መምረግ ድካም ነው። የቆርቆሮው ሚስማር ላልቶ እንደሆነ ይመታል፥ የዛገው ይለወጣል፥ ቀዳዳው በሬንጅ ይደፈናል። በሕይወታችንም ጸሎትና ቅዳሴ እንደ ጣራ ናቸው። ጸሎቱን ያቋረጠ ወጣት ጠባዩን ብቻ ላስተካክል ቢል በየዝናቡ ሲመርግ ይኖራል።

ሁለተኛ፥ ቦዩን ክፈቱ። የእኒያን እናት ግድግዳ የገደለው ከዳገቱ እየወረደ በመሠረቱ ላይ የሚተኛው ውሃ ነበር። መጀመሪያ ስንሄድ ውሃው ከየት እንደሚመጣ አንዳችንም ዞረን አላየንም። ኃጢአትም መምጫ አለው። የሚያስቱን ቦታ፥ ጓደኝነትና ሰዓት ምን እንደሆኑ ካላየን፥ ለእርሱም ማስቀየሻ ካላበጀን፥ ብንናዘዝም በዚያው በኩል ይመለሳል።

ሦስተኛ፥ እንጨቱን መርምሩ። በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተጻፈው በቤት ግድግዳ ላይ ደዌ ሲታይ ባለቤቱ ራሱ አይፈርድም፤ ወደ ካህኑ ሄዶ ይናገራል። ካህኑ መጥቶ ያየዋል፥ ቤቱም ሰባት ቀን ይዘጋል። ደዌው ሰፍቶ ቢገኝ የታመሙት ድንጋዮች ወጥተው በሌሎች ይተካሉ፥ ቤቱም ተፍቆ እንደገና ይመረጋል። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፤ መናገር፥ መመርመር፥ መታገሥ፥ ማውጣት፥ በመጨረሻም መምረግ። ንስሐ አባት የተሰጠን ለዚህ ነው። እኔ ምስጡን አይቼ፥ «በላዩ ላይ እንምረገው» እንዳልኩ ሁሉ ስንቶቻችን በልባችን ያየነውን ለንስሐ አባታችን ሳንናገር በላዩ ላይ መርገናል?

አራተኛ፥ ጭቃው ይሰንብት። ያን ጊዜ ጭቃውን በጭድ ለውሰን አንድ ሳምንት አሰነበትነው፤ በየሁለት ቀኑም እየተመላለስን ረገጥነው። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ሳያልቅ ሁለተኛውን አልደረብንም። ቸኩሎ የተለሰነ እርጥብ ግድግዳ ውሃውን በውስጡ ይዞ እንጨቱን ያበሰብሳል። በአንድ ጉባኤ ስብከት አልቅሰን በማግሥቱ ፍጹም የሆንን የሚመስለን ወጣቶች ይህን እንስማ። ጊዜ የሚፈልገውን ነገር ጊዜ እንስጠው።

ይህ ሁለተኛው ግድግዳ እስከ ዛሬ ቆሟል። ኖራ አልቀባነውም፥ ፎቶግራፍም አልተነሣንበትም። አልጋው ወደ ቦታው ተመልሷል።

በዐለት ላይ ያለ ቤትም ጥገና ይሻል

«እኛ በዐለት ላይ ተመሥርተናል፤ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የመሰለው የልባሙ ሰው ቤት ነን፤ ምን ያሰጋናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። በእርግጥ መሠረታችን ዐለት ነው። ነገር ግን በዚሁ በሰሜን ወሎ፥ በላስታ፥ ቅዱስ ላሊበላ ያሳነጻቸውን አብያተ ክርስቲያናት ተመልከቱ። በዐለት ላይ መቆም ብቻ አይደለም፤ ራሳቸው ከዐለት የተፈለፈሉ ናቸው። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሆኖም የብዙ መቶ ዓመታት ዝናብና ፀሐይ ዐለቱን ሰንጥቆታል። ከዝናብ ለመከላከልም በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቤተ መድኃኔዓለምን፥ ቤተ ማርያምን፥ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን የሚያለብሱ ትላልቅ መጠለያዎች ተሠሩ። የጥንቶቹ አናጺዎችም ቢሆኑ ውሃ የሚወርድበት ቦይ ከዐለቱ ፈልፍለው ነበር፤ ዐለት ነውና ውሃ አይጎዳውም አላሉም።

መጠመቃችን፥ በቤተ ክርስቲያን ማደጋችን መልካም መሠረት ነው። ነገር ግን መሠረቱ ጣራውን ከመጠበቅ፥ ቦዩን ከመጥረግ አያድነንም። ከዐለት የተፈለፈለው ከተሰነጠቀ ከጭቃ የተሠራነው እኛማ እንዴት አብልጠን አንጠንቀቅ!

እያንዳንዱ በቤቱ አንጻር

በ2014 ዓ.ም. የነበረውን ጥቢ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ጦርነቱ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወደ ወልድያና ወደ መርሳ ደርሶ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ቆየ። ያን ዓመት የምርጊቱ ወራት ያለ ምርጊት አለፈ። ብዙ ሰው ቤቱን ዘግቶ ተሰደደ፤ የቀረውም ግድግዳ የሚያይበት ልብ አልነበረውም። ሲመለስ ያገኘው የፈረሰ ግድግዳ ብቻ አልነበረም። የተሰነጠቀ ጉርብትና፥ የተሰነጠቀ ልብም አገኘ። ግድግዳውን ብዙዎች ጠግነውታል። በልብ ያለውን ስንጥቅ ግን እስከ ዛሬ በላዩ ላይ መርገን የተውነው አለን። «ደህና ነኝ» እንላለን፤ ውስጡን ምስጥ ይበላዋል። እዚህ ላይ ፈውሱ ፈጣን አይደለም። ቢሆንም መናገር፥ መስማት፥ ከሐዘንተኛ ጋር መቀመጥ የሁላችን ጭድ ነው።

መጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 3 የኢየሩሳሌም ቅጥር እንዴት እንደ ታደሰ ይተርካል። ካህናቱ፥ ወርቅ አንጥረኞቹና ነጋዴዎቹ ሁሉ ሠሩ፤ አንድ አለቃም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሠራ። ብዙዎቹም እያንዳንዳቸው በየቤታቸው አንጻር ያለውን ቅጥር አደሱ። ሩቅ ያለውን ለማደስ የሄደ ሰው በደጁ ያለውን ስንጥቅ አልተወም።

ስለዚህ በዚህ ዘመነ ጽጌ ሦስት ነገር እናድርግ ብዬ እለምናችኋለሁ። መጀመሪያ፥ እያንዳንዳችን በቤታችን ዙሪያ አንድ ጊዜ እንዙር፤ ወላጆቻችን እስኪያዝዙን አንጠብቅ። ሁለተኛ፥ በዓል ባልሆነ ቀን ጅጌ ወጥተን ረዳት የሌላቸውን እናቶችና አባቶች ቤት እንጠግን፤ ግን ኖራ ከመግዛታችን በፊት ጭድ እናዋጣ፤ በበልግም ተመልሰን እንጠይቃቸው። ሦስተኛ፥ ጥቢው ሳያልፍ ወደ ንስሐ አባታችን እንሂድ፤ ያየነውን ምስጥ እንናገር።

ይህ ወራት እመቤታችን ልጇን አዝላ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን መከራ የምናስብበት ነው። እኛ ቤታችንን በምናድስበት ወር ቤተ ክርስቲያን ቤት ያልነበራትን እናት ታሳስበናለች። በሰው አገር በስንት ደጃፍ ቆመች? በየትኛው ግድግዳ ሥር አደረች? በመርሳ ገጠር አልጋቸውን ብቻቸውን ጎትተው ያዛወሩትን እናት ባሰብኩ ቁጥር ይህ ይታወሰኛል።

አምላካችን እግዚአብሔር የቤታችንን ጣራ በምሕረቱ ይክደንልን፤ የሰነጠቀውን ልባችንን በእውነተኛ ንስሐ ይጠግንልን። ክረምቱን እንዳሻገረን በልጉንም በሰላም ያሻግረን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።